ቦረቦሩን ስንጠግን፦ ከጥር እስከ ሐምሌ 2010

በ2010 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። በቀበሌው ሦስት ባለሙያዎች ነን። አንዱ ሰብል፣ አንዷ እንስሳት፣ እኔ ደግሞ አፈርና ዛፍ። ገበሬው ግን አይለየንም፤ ሁላችንንም «ግብርናው» ይለናል። ከኪሴ የማትወጣ ደብተር ነበረችኝ። ከታች ያለው ከዚያች ደብተር ስለ አንድ ቦረቦር የጻፍኩት ነው። ፊደል አስተካክያለሁ፤ ሁለት ቦታ ስድብ አውጥቻለሁ። ሌላው እንዳለ ነው።

ጥር 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቦረቦሩን ከታች እስከ ላይ በእግሬ ሄድኩት። በሜትር 210 ሆነ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ይጀምርና የወል ግጦሹን ለሁለት ሰንጥቆ እስከ ጋራው ወገብ ይወጣል። አፉ ላይ አይሱዙ ይገባበታል። ራሱ ላይ 3 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ገደል አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ያ ገደል ወደ ላይ እየበላ ይሄዳል።

ውስጡ 8 አሮጌ የድንጋይ ክትሮች ቆጠርኩ፤ ጎርፉን ለማብረድ ቦረቦሩን አቋርጠው የተካቡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተፋሰስ ዘመቻ የተሠሩ ናቸው። ደህና የሆኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስድስቱ ፈርሰዋል።

«ፈርሰዋል» ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም። ከላይ አራተኛው ዘንድ ቆሜ ብዙ አየሁት። አንድ ድንጋይ አልወለቀም። ካቡ፣ ድርድሩ፣ ሁሉም እንደነበረ አለ። ውሃው ግን በቀኝ በኩል ያለውን አፈር በልቶ ዞሮት ሄዷል። በሩ እንደተቆለፈ ግድግዳው የተነደለ ቤት ይመስላል። የሠሩት ሰዎች ድንጋይ መካብ ያውቃሉ። ግን የክትሩን ክንፍ ወደ ጎን ግድግዳው አላስገቡትም፤ ዳርና ዳሩን አስነክተው ትተውታል። አናቱንም በአንድ ልክ ደልድለውታል። መሀሉን ዝቅ አድርገው ማስተንፈሻ ቢሰጡት ውሃው በመሀል ይሄድ ነበር። መንገድ ያጣ ውሃ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ሦስቱ ደግሞ ሥራቸው ተቦርቡሮ በፊታቸው ተደፍተዋል። ከላይ የሚወድቀው ውሃ የሚያርፍበት ንጣፍ የላቸውም። አንዱ የተሠራው በድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ነው። ያንን ማን እንደፈቀደ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ጥር 9፣ ረቡዕ

ከቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ጋር ስብሰባ። የዚህ ዓመት የሴፍቲኔት ሥራ ይደለደላል። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ በየዓመቱ ለእርዳታ እጅ ከመዘርጋት ሥር የሰደደ ችግር ያለበትን ቤተሰብ በመደበኛነት ደግፎ፣ መሥራት የሚችለውን የወል ሥራ ማሠራት ነበር። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። ጉልበት ያለው ሰው የልጆቹንና የሌሎቹን ይሸፍናል፤ ቢበዛ ግን በወር 15 ቀን ነው። ክፍያው በእህል ሲሆን በነፍስ ወከፍ በወር 15 ኪሎ ነው። ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ፣ 6 ወር።

አብዛኛው ሰው በትልቁ ጋራ ለሚሠራው የድንጋይ እርከን ተመደበ። ያ ለአንድ ኪሎ ሜትር 250 የሰው ቀን ይበላል። ለቦረቦሩ 18 ሰው ተሰጠኝ፤ ከየሰዉ በወር 5 ቀን። 90 የሰው ቀን ማለት ነው። አላጉረመረምኩም፤ ይበቃል።

ያጉረመረምኩት በቅጹ ነው። «የተሠራ የድንጋይ ክትር በሜትር ኪዩብ» የሚል አምድ አለ። «የተተከለ ችግኝ» አለ። «የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር» አለ። «የተጠገነ» የሚል ግን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ የለም። ከወረዳ የመጣውን ባለሙያ ጠየቅሁት።

«ምን ችግር አለው? አዲስ በለው» አለኝ።

«አሮጌ እኮ ነው።»

«ካፈረስከው በኋላ አዲስ አይደል?»

ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ። እነዚያ ስድስት ክትሮች ያኔም አዲስ ተብለው ተቆጥረዋል። ዘንድሮም አዲስ ከተባሉ አንድ ጉድጓድ ላይ 14 ክትር ሪፖርት ተደረገ ማለት ነው። የሚቀጥለው ሰው ደግሞ 20 ያደርሰዋል። ቦረቦሩ ግን ያው ቦረቦር ነው።

ጥር 14፣ ሰኞ

ጥምቀት አለፈ፤ ሥራ ጀመርን። ከ18ቱ 11ዱ ሴቶች ናቸው። የቡድን መሪ እንዲመርጡ ብነግራቸው ሳይዋሉ ሳያድሩ አንዲት ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት መረጡ። ሲጠሯት «አለቃ» ነው የሚሏት። እኔም ለመድኩት።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ከየት እንጀምር የሚል ነበር። ወንዶቹ ከታች፣ ከመንገዱ ዳር ይሁን አሉ። ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ ደግሞ ለጉብኝት የሚመጣ ሰው የሚያየው እሱን ነው። እኔ ከላይ አልኩ። ቦረቦር ከላይ ነው የሚታከመው። የሚገባበትን ጎርፍ ሳትቀንስ ከታች ብትክትር፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከገደሉ በላይ 140 ሜትር የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንቆፍራለን። ውሃውን አቅጣጫ አስቀይረን ድንጋያማው ሜዳ ላይ እንበትነዋለን።

ከሰዓት በኋላ ተዳፋቱን ለካን። ሁለት እኩል እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሀሉ ላይ የተንጠለጠለች ውሃ ልክ። አለቃ አንዱን እንጨት ያዘች፤ አንድ ጎረምሳ ሌላውን። እኔ የውሃ ልኳን አረፋ አያለሁ። ላይኛው 90 ሜትር 12 በመቶ ሆነ፤ ታችኛው 120 ሜትር 6 በመቶ።

ክትርና ክትር ምን ያህል ይራራቅ የሚለው ከዚህ ይወጣል። የክትሩን ከፍታ በ1.2 ታባዛለህ፣ ለተዳፋቱ ታካፍላለህ። 1 ሜትር ከፍታ ላለው ክትር በ12 በመቶ ተዳፋት 10 ሜትር ይመጣል፤ በ6 በመቶ 20 ሜትር። ስለዚህ ከላይ 9፣ ከታች 6፣ ድምር 15። አሮጌዎቹ በየ25 ሜትሩ ነው የቆሙት፤ ላይኛውም ታችኛውም አንድ ዓይነት። ለዚህ ነው በመሀላቸው ውሃው ጉልበት የሚያገኘው። ሁለቱን ደህናዎች እንተዋለን፣ ስድስቱን እንጠግናለን፣ ሰባት አዲስ እንጨምራለን።

ለቡድኑ ሒሳቡን አላስረዳሁም። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን አልኳቸው። አለቃ «እንደ ደረጃ» አለች። አዎ፣ እንደ ደረጃ።

ጥር 17፣ ሐሙስ

ስለ በዓል ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ለምን እንደዘገየን ማንም አያውቅም። ቡድኑ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 18 ዓርብ ጁምዓ፣ 19 ገብርኤል፣ 20 እሑድ፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት። ከ14 እስከ 24 ባሉት 11 ቀናት ሁሉም የሚስማማበት 14፣ 15፣ 17 እና 22 ብቻ ሆነ። ማንም ማንንም አልተጫነም፤ እንዲህ ነው ወሎ። እኔ ብቻ ነኝ የቀን መቁጠሪያ ይዤ ላብ በላብ የሆንኩት።

ዛሬ ቦዩን ስንቆፍር ሁሉም «ሸሁ» የሚሏቸው አዛውንት መጡ። በዕድሜያቸው የተነሳ ሥራ አይጠየቁም፤ ድጋፉን እንዲሁ ነው የሚያገኙት። ግን ቤታቸው አይቀመጡም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩን ቆዩና፦

«ልጄ፣ ይህ ጋራ እኮ ደን ነበረ» አሉኝ።

«ድሮ?»

«ኧረ ምን ድሮ! በደርግ። ከሰባ ሰባቱ በኋላ በስንዴና በዘይት ነው የተከልነው። እርከኑንም እንዲሁ። ምግብ ለሥራ ይባል ነበር።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«ሰማንያ ሦስት ላይ መንግሥቱ ሲሄድ ሕዝቡ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ሦስት ቀን አልፈጀም። እኔም ቆርጫለሁ፤ አልዋሽህም። የኛ አልመሰለንማ። የመንግሥት ዛፍ ነበር።»

ይህን የወሎ ታሪክ በሥልጠና ላይ ሰምቼው ነበር። የቆረጠ ሰው ሲናገረው ግን ሌላ ነው።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ዛሬ የመጀመሪያውን ክትር ካብን። ቀኑን ሙሉ የፈጀው ግን ካቡ አይደለም፤ ክንፉ ነው። በሁለቱም በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው መቆፈር አለበት። መሠረቱም ግማሽ ሜትር ይወርዳል። ቆፋሪዎቹ «ድንጋይ በጉድጓድ ልትቀብር ነው እንዴ?» ይሉኛል። ወደ አራተኛው አሮጌ ክትር ወስጄ ውሃው የዞረበትን ቀዳዳ አሳየኋቸው። አንዱ እጁን ከትከሻው ድረስ አስገባበት። ከዚያ በኋላ ስለ ክንፍ የጠየቀኝ የለም።

የሥራው ኖርም፣ አንድ ሰው በቀን መሥራት ያለበት ልክ፣ ግማሽ ሜትር ኪዩብ ነው። ወረቀት ላይ ትንሽ ትመስላለች። ድንጋዩን ከ150 ሜትር በባሬላ አምጥታችሁ ካባችሁት በኋላ አነጋግሩኝ።

አለቃ በካቡ ከኔ ትበልጣለች። ትልልቁን ከታች ታደርጋለች። ጠፍጣፋውን ወደ ውስጥ ጋደል አድርጋ ታስቀምጣለች። የሁለት ድንጋይ መጋጠሚያ በሌላ መጋጠሚያ ላይ ካረፈ ሳትናገር ታነሳዋለች። አባቷ ግንበኛ ነበሩ አሉ። ትንንሹን ድንጋይ ውጭ ፊት ላይ የሚሰካ ሰው ካየች «ይሄ ለዓይን ነው፤ ውሃ ዓይን የለውም» ትላለች።

ከሰዓት በኋላ የሆነ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሬዲዮ ከፈተ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ ይላል። ሁሉም ባሬላውን መሬት አስቀምጦ ሰማ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ማንም አልሠራም። ከዚያ ሸሁ «ያ ድንጋይ አሁን ማንን ይጠብቃል?» አሉና ተነሳን።

የካቲት 15፣ ሐሙስ

የቦረቦሩ ራስ እንቅልፍ ነስቶኛል። 3 ሜትር የሚዘልን ውሃ ደረቅ ካብ አይችለውም። ጋቢዮን ነው የሚያስፈልገው፤ ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን። 2 ሜትር በ1 በ1 የሆኑ 9 ሣጥኖች ጠይቄ ነበር። «በዚህ ሳምንት ይመጣል» ከተባለ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

አንዲት የቡድኑ አባል ዛሬ ለአለቃ በጆሮዋ ነገረቻት፤ አለቃ ደግሞ ለኔ። እርጉዝ ናት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከሥራ ትወጣለች፣ ድጋፉ ግን ሳይቋረጥ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሆነው ይቀጥላል። የጤና ጣቢያ ወረቀት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ስትሸከም የቆየችው «ስሜ ይሰረዛል» ብላ ነው። ለዚህ እኔን ነው የምወቅሰው። መጀመሪያ ቀን ስለ ውሃ ልክ ብዙ አውርቼ ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ

ሽቦ መጣ! 5 ሣጥን። ክዳን የላቸውም።

የምር። ክዳን የሌለው ጋቢዮን ቅርጫት ነው። ስልክ ደወልኩ። «ያለው ይሄው ነው» ተባልኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ወረዳ ድረስ ሄጄ እጣላ ነበር። ግን በልጉ እየመጣ ነው፤ ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት ይጠቁራል።

ስለዚህ ዕቅዱን ቀየርን። ገደሉን በዶማ ደረመስነው። ቀጥ ያለውን ግንብ አስተኝተን ተንሸራታች አደረግነው። እግሩ ሥር አምስቱን ሣጥኖች ደረደርን፤ ክዳኑን በተራ የአጥር ሽቦ ጎነጎንነው። ከላይ በኩል በአፈር የተሞላ ማዳበሪያ ደረጃ በደረጃ ልንደረድር ወሰንን።

ማዳበሪያ ከየት ይምጣ? ከእርዳታ እህሉ። ለመናገር ቀላል ነው። ባዶ ማዳበሪያ እዚህ አገር ባዶ አይደለም። እህል ይቀመጥበታል፣ ይሸጣል፣ ይነጠፋል፣ ዝናብ ሲመጣ በራስ ላይ ይደፋል። 80 ፈለግሁ። በመጀመሪያው ቀን 12 መጣ። በሁለተኛው ቀን ሸሁ ሁለት ማዳበሪያ በክንዳቸው ይዘው መጡና፣ ሁሉም እያያቸው፣ ምንም ሳይሉ አፈር መሙላት ጀመሩ። ማታ ላይ 71 ሆነ።

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ

ሌሊት ዘነበ። በቆርቆሮዬ ላይ ሲወርድ ሰምቼ አልተኛሁም። 12 ሰዓት ሲል ባትሪ ይዤ ወጣሁ።

መቀልበሻው ቦይ ሠርቷል። ከራሱ የወረደው ውሃ ካለፈው ዓመት ግማሹን አይሆንም፤ ማዳበሪያዎቹ ላይ ያለው የጭቃ ምልክት ይናገራል። አንደኛውና ሁለተኛው ክትር እንዳሉ አሉ።

ሦስተኛው ግን ሥሩ ተቦርቡሯል። ከፊቱ ሃያ ሊትር ጀሪካን የሚውጥ ጉድጓድ ተከፍቷል። የታችኛው ረድፍ ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሷል። አንድ ዝናብ ቢጨመር በፊቱ ይደፋ ነበር።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ንጣፉን የዘለልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን መሽቶ ነበር፤ ድንጋይ አልቋል፤ «ነገ እናነጥፋለን» አልኩ። ነገ ጊዮርጊስ ነበር፤ ከነገ ወዲያ አራተኛውን ጀመርን። ጥር 8 ቀን የሌላ ሰው ስህተት ብዬ በዚሁ ደብተር የጻፍኩትን ራሴ ደገምኩት።

ለቡድኑ እንደዚያው ነገርኳቸው። አለቃ «እኔ እኮ አስታውሼህ ነበር» አለች። አስታውሳኛለች፤ እውነት ነው።

አምስተኛው ላይ ግን ሌላ ነገር አየን። ከክትሩ ጀርባ ደለል ሞልቷል። እንጨት ብሰካበት 40 ሴንቲ ሜትር ገባ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቅቤ የመሰለ አፈር። ያለዚያ ክትር ይህ አፈር ዛሬ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ ወንዝ ገብቶ ነበር። አንዱ ሠራተኛ አንድ እፍኝ አነሳና አሸተተው። «ይሄ የኔ ማሳ ነው» አለ። ማሳው ከላይ ነው። ቀልዱ ይሁን ቁጭቱ አልገባኝም።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ፤ አሁን ከድንጋይ የከበደው መጣ። ከብት።

ቦረቦሩና ዙሪያው የወል ግጦሽ ነው። ሣር ብንተክልም በሳምንት ያልቃል፤ ክትሩንም ከብት እየተራመደ ይንደዋል። ልቅ ግጦሽ ቆሞ ቦታው መከለል አለበት። ይህን ለመወሰን ነው ዛሬ ከዋርካው ሥር የተሰበሰብነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት።

የጠበቅሁት ጠብ በመከለሉ ላይ ነበር። እሱ ላይ ብዙም አልተከራከሩም፤ ሁሉም ገደሉን አይቶታል። ጠቡ የመጣው «ሣሩን ማን ያጭዳል?» ላይ ነው። አራት በሬ ያለው ሰውዬ «እንደ ከብታችን ቁጥር እንካፈል» አለ። ልክ ነው ብለው የደገፉት ብዙ ናቸው። ወዲያው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ተነሳች። ያላት አንዲት ፍየል ናት። «ድንጋዩን ስንሸከም በከብት ቁጥር ነበር እንዴ የተሸከምነው?» አለች። ዝም ዝም ሆነ።

እኔ የተዘጋጀ የመተዳደሪያ ደንብ ናሙና ይዤ ነበር፤ ሁለት ገጽ። ቦርሳዬ ውስጥ ተውኩት። በመጨረሻ የተስማሙት ይህ ነው። ሣሩ በቤት ቁጥር እኩል ይካፈላል። ከብት የሌለው ድርሻውን ይሸጣል። የመጀመሪያው አጨዳ መስከረም ላይ ነው። ጥበቃ በተራ ይሆናል፤ ጠባቂው አንድ ሸክም ሣር በትርፍ ያገኛል። ከብቱ የገባበት ሰው በአንድ ከብት 50 ብር ይከፍላል፤ እምቢ ካለ ወደ ዕድሩ ይሄዳል። ይቺ የመጨረሻዋ የሸሁ ሐሳብ ናት። ሰው ፍርድ ቤትን አይፈራም፤ ዕድሩን ነው የሚፈራው አሉ።

ባለ አራት በሬው ሰውዬ ፈረመ። ፊቱን ግን አጨማዷል።

ግንቦት 13፣ ሰኞ

ረመዳን ከገባ አምስተኛ ቀኑ። ሰዓት ቀየርን፤ ንጋት 12 ሰዓት ገብተን 5 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ክርስቲያኖቹም በዚሁ ተስማሙ። ውሃ ሲጠጡ ዞር ብለው ነው። የተረፈው ሥራ ቀላል ነው፤ የችግኝ ጉድጓድ።

ግን ዛሬ ከ18ቱ 7 ብቻ መጡ። ምክንያቱ ጾም አይደለም። የመጋቢት እህል አሁን ነው የገባው፤ የሚያዝያ ገና ነው። ለምን እንደዘገየ ሦስት ቦታ ጠይቄ ሦስት መልስ አግኝቻለሁ። የቀሩት ሌላ ሰው ማሳ ላይ የቀን ሥራ ሄዱ፤ እዚያ ማታውኑ ይከፈላል። ቀሪ ብዬ ልመዘግባቸው ይገባ ነበር። ብዕሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ክፍያው ሲመጣ ቀኑን ይተካሉ ብዬ በጠርዝ ጻፍኩ። አልተሳሳትኩም ብዬ አስባለሁ።

ሰኔ 18፣ ሰኞ

ዝናቡ ገባ። ተከላ። በደለሉ ላይ ደሾ ሣር፤ ከጨንቻ በኩል ተነስቶ አገር ያዳረሰው። በግንጣይ ነው የሚተከለው። አንዱን ግንድ ትከፍላለህ፣ ጥቅጥቅ አድርገህ ትሰካለህ፣ በእግርህ ትረግጣለህ። በጎንና በጎኑ ሰስፓኒያ። ቶሎ ያድጋል፤ ቅጠሉን ከብት ይወደዋል።

አንድ ነገር ለሚተክል ሁሉ፦ ፕላስቲኩን አውጡ! ዛሬ ሊረዱን ከመጡት ተማሪዎች ግማሾቹ ችግኙን ከነፕላስቲኩ እየቀበሩት ነበር። 40 ያህሉን መልሰን አወጣን። ቆጥረው ለመጨረስ ነው የቸኮሉት። ከኛው ነው የተማሩት።

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

የሴፍቲኔቱ የሥራ ወቅት በሰኔ አልቋል። ትናንት ሌሊት ደግሞ የዘንድሮው የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ወረደ።

ከ15ቱ 14ቱ ቆመዋል። ራሱ ላይ ማዳበሪያዎቹ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ተቀደዋል። ሦስተኛው፣ የኔው ጉድ፣ ንጣፉ ላይ ውሃ እየፈረጠ ሲያልፍ ቆሜ አየሁት። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጭቃ አልገባም። ጥበቃው «ዘንድሮ በአካፋ አልዛቅሁም» አለኝ።

የታመመው 11ኛው ነው። ከተጠገኑት አንዱ። በግራ ክንፉ በኩል ውሃ መሹለክ ጀምሯል፤ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ናት። ዛሬ ካልተደፈነች በነሐሴ አይሱዙ ታስገባለች።

ሪፖርቱን ዛሬ ላክሁ። አዲስ ክትር በሚለው አምድ የሰባቱን ሜትር ኪዩብ ብቻ ሞላሁ። ስድስቱን «ምርመራ» ከምትለው ጠባብ ቦታ ላይ በትንንሽ ፊደል ጻፍኳቸው፤ አልበቃ ብሎኝ ወደ ጀርባው ዞርኩ። ማታ የወረዳው ባለሙያ ደወለልኝ።

«አፈጻጸምህ ዝቅ ብሏል እኮ» አለኝ።

«ጀርባውን ገልብጠው» አልኩት።

«ጀርባው ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም።»

ሐምሌ 4፣ ረቡዕ

ስለ 11ኛው ለአለቃ ብቻ ነበር የነገርኳት። የሥራ ወቅቱ አልቋል፤ አቴንዳንስ የለም፤ ሰው ጥሪ ብዬ ማዘዝ አልችልም። ጠዋት ስደርስ 6 ሰው ቆሟል። ባለ አንድ ፍየሏ ሴት አለች። ያ ባለ አራት በሬው ሰውዬም አለ፤ ዶማ ይዟል፤ አላናገረኝም።

ክንፉን 80 ሴንቲ ሜትር ቆፈርነው። ዝናቡ መሀል ላይ ስለመጣ ግማሽ ላይ አቆምን። ጉድጓዱን በሸራ ሸፍነን ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጫንበት። ባሬላው ሸሁ ቤት ነው። ነገ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሰማዩ ከፈቀደ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ሁለት ባሬላ፣ ማዳበሪያ ሁለት ይጎድላል።